የ«ሃሎዊን» ተከታይ ክፍሎች ለምን ደከሙ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። በፊልም አምዳችሁ ላይ አስፈሪ ፊልሞችም ቦታ ቢያገኙ ደስ ይለኛል። እዚህ ደሴ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ተጋፍተን እያየን ያደግን ሰዎች «ሃሎዊን» የተባለውን ተከታታይ አስፈሪ ፊልም ስለምንወደው ነው መበላሸቱ የሚያንገበግበን።

ጆን ካርፔንተር እ.ኤ.አ. በ1978 በሠራው የመጀመሪያው ፊልም ደም እምብዛም አይታይም። ገዳዩ በጠራራ ፀሐይ ከአጥር ጥግ ቆሞ የሚከታተላትን ልጅ ያያል፤ ልጅቷ ጓደኛዋን ጠርታ ሲጠጉ ግን የለም። ለምን እንደሚገድል የሚነግረን የለም። ዳይሬክተሩ ራሱ የደረሰው የፒያኖ ዜማ ብቻ ይመላለሳል። ጸጉር የሚያቆመው ይሄው ነው።

በ1981 ሁለተኛው ክፍል ልጅቷን የገዳዩ እህት አደረጋት። በ1995 ስድስተኛው የእርግማንና የምስጢር ማኅበር ታሪክ ጨመረበት፤ በ2002 ስምንተኛው ጭራሽ ገዳዩን በኢንተርኔት የሚተላለፍ ትርኢት ውስጥ ከተተው። ወሎ ውስጥ ቡና እየተፈላ ስለ ጅን የሚያወጉ አዛውንት የጅኑን ዘር ማንዘር ሲቆጥሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ድምፁ ከየት እንደመጣ ብቻ ነግረው ዝም ይላሉ።

የ2018ቱ ክፍል የእህትነቱን ታሪክ ሰርዞ ወደ መጀመሪያው መመለሱ ትክክል ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ በ2022 የወጣው ክፍል አብዛኛውን ታሪክ ለሌላ ወጣት አስረክቦ ዋናውን ገዳይ ዳር አስያዘው።

ገቢ እስካለ ድረስ ተከታይ መሠራቱ አይቀርም። እናንተ ግን እያንዳንዱን ክፍል ከ1978ቱ ጋር እያነጻጸራችሁ ሂስ ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ