ቢላሽን ለሞተር እንዳትሰጪ

ለልጄ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷ ያማታል፤ ዝናቡ ሲበዛ የሚነሳባትን ታውቂዋለሽ።

አክስትሽ ትናንት ደውላ ነበር። ጣትሽ መሰፋቱን የሰማሁት ከሷ ነው። አንቺ «ትንሽ ጫረኝ» ነበር ያልሽኝ። ስፌት ያስፈለገው ነገር መጫር አይባልም። ለእናትሽ አልነገርኳትም። አንቺው ደውለሽ ንገሪያት፣ ከሰው ከሰማች ሁለታችንም አለቀልን። የቴታነስ መርፌስ ተወግተሻል? ካልተወጋሽ ደብዳቤውን አስቀምጪና አሁኑኑ ሂጂ።

አክስትሽ እንዳለችኝ ሽንኩርት ስትከትፊ ነው ያዳለጠሽ። ቢላው ደንዞ ነበር ማለት ነው። የተሳለ ቢላ የሽንኩርቱን ቆዳ ሲነካው ይገባል። የደነዘውን ግን ትጫኚዋለሽ፣ ስትጫኚው ይንሸራተታል፣ ከዚያ የሚያገኘው ጣትሽን ነው። እኔ መሮ ስይዝ ስንት ዓመቴ ነው፣ ይህን ነግሬሽ አላውቅም? ነግሬሻለሁ። አልሰማሽኝም።

ሌላም ነገር ነገረችኝ። ከሆቴላችሁ ጀርባ ቢላ የሚስል ባለ ሞተር አለ፣ ሠራተኛው ሁሉ ለሱ ነው የሚሰጠው አለች። የሆቴሉን ቢላ እንዳሉሽ አድርጊ። በመጀመሪያ ደሞዝሽ የገዛሽውን ቢላ ግን ለሞተር እንዳትሰጪ።

ወንድምሽ በቴሌግራም ልትገዢው ያሰብሽውን የቢላ መሳያ ዕቃ ፎቶ አሳየኝ። ሳጥኑ ያምራል። መነጽሬን አድርጌ ደጋግሜ አየሁት። ቢላውን ነክሶ የሚይዝ መያዣ አለው፣ ድንጋዩ የሚሄድበት ዘንግ አለው፣ ከዚያ ደግሞ ሙሉ ረድፍ ድንጋይ፣ የሻካራነት ቁጥራቸው ከ120 ጀምሮ እስከ 10000። ይህ ሁሉ ለአንድ ቢላ ነው?

መጥፎ ዕቃ ነው አልልም። የመያዣው ሥራ ማዕዘን መጠበቅ ነው፤ ጀማሪን የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ግን ርካሹ ላይ መያዣው ይወዛወዛል። ከተወዛወዘ ደግሞ የትኛው ማዕዘን ተጠበቀ? እንዳንቺው ዓይነት ረጅም ቢላ ሲሆን መሃል ላይ እየፈቱ እንደገና ማሰር አለ። ድንጋዮቹም ቀጫጭን ናቸው። ገንዘብሽን የምትከፍይው ለሳጥኑ ነው።

አንድ ድንጋይ ግዢ። በውኃ የሚሠራ፣ ባለ ሁለት ፊት፣ በአንዱ ፊት 400 በሌላው 1000 የተጻፈበት። ቁጥሩ ሲያንስ ድንጋዩ ሻካራ ነው፣ ብረት ቶሎ ይበላል። ሁልጊዜ የምትሠሪው በ1000ው ነው። 400ው ቢላው ሲሸረፍ ወይም ጨርሶ ሲደነዝ ብቻ ነው የሚነካው። ያ ከጠፋ 1000 እና 6000 ያለውን ያዢ። 6000ው ማለስለሻ ነው፤ ለሽንኩርትና ለሥጋ ግን እኔን ብትጠይቂኝ ከ1000 በላይ ቅንጦት ነው። ዓሣ የሚሠሩት ሊከራከሩኝ ይችላሉ፣ ይከራከሩ። ርዝመቱ ከ18 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ፣ ከ6 ሴንቲ ሜትር ወርድም እንዳይጠብ። ቁጥር ያልተጻፈበት ድንጋይ ቢረክስም ተዪው። እሱ ለማጭድና ለመጥረቢያ ይሆናል።

አልማዝ የተነሰነሰበት ብረትም ይሸጣል። ጠንካራ ነው፣ መሃሉ አይጎደጉድም፣ መንከርም አይፈልግም። ግን አዲስ ሲሆን ይቧጭራል፤ እጅሽ ሳይለምድ ብረትሽን ይጨርስብሻል። ሌላ ጊዜ ትገዢዋለሽ። ቢላ እየጎተቱ የሚያሳልፉበት ትንሽዬ የፕላስቲክ መሳያ አለ ደግሞ፣ እሱን እንኳን ልትገዢ በስጦታም እንዳትቀበዪ። ጠርዙን ይፍቀዋል። የሞተሩ ታናሽ ወንድም ነው።

ኩሽናችሁ ውስጥ ያለው እጀታ ያለው ረጅም ብረት ግን ጥሩ ነው። አዲስ ስለት አያወጣም፣ የተጣመመውን ጠርዝ ነው የሚያቃናው። ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ቀስ ብለሽ አሳልፊው፣ እንደ ወጣቶቹ እያጋጨሽ አይደለም።

ሳሎን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአያትሽን ቢላ ታውቂዋለሽ። ልጅ ሆነሽ አውርድልኝ ብለሽ ስታለቅሺ ተቆጥቼሽ ነበር። ለምን እንደተሰቀለ አልነገርኩሽም።

አያትሽ ያንን ቢላ የሚያወጣው ለአረፋ ነበር። በዓሉ ሲቃረብ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ድንጋዩን ውኃ ያጠጣዋል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይስላል። በጉ በሚያይበት ቦታ አይስልም። እኛ ቢላውን ይዘን በጉ አጠገብ ስናልፍ ይቆጣ ነበር። ሃይማኖታችንም እንደዚያ ነው የሚለው፣ ቢላው ስል ይሁን፣ እንስሳው አይሰቃይ፣ ፊቱም አይሳልበት። ያ የድንጋዩ ድምፅ ሲመጣ እኛ ልጆቹ በዓል ደረሰ እንል ነበር።

አንድ ዓመት ታመመ። እጁ ይንቀጠቀጣል። ትልቁ አጎትሽ ላግዘው ብሎ ቢላውን ሂርማታ ገበያ ወስዶ ለሞተር ሰጠው። ሲያመጣው ያብረቀርቃል፣ የክንድ ፀጉር ይላጫል። አጎትሽ ደስ ብሎት ነበር። አያትሽ ተቀበለው፣ ወደ ብርሃን አዞረው፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ መስመር አለ። ብረት ሰማያዊ የሚሆነው ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ያን ያህል ከጋለ ጥንካሬው ይለቀዋል። ድንጋይ ላይ በእጅ ስትስዪ እንዲህ አይግልም፣ ሞተር ላይ ግን ያለ ውኃ ትንሽ ከቆየ በቃ።

አያትሽ አንድ ቃል አልተናገረም። በማግስቱ ከጎረቤት ቢላ ተውሶ አረደ። የራሱን ከዚያ በኋላም ሳለው፣ ግን ስለት አይዝም፤ ትንሽ ሥጋ ሳይቆረጥበት ይደነዝዛል። የዚያን ዓመት ክረምት ሞተ። እኔ ጣውላ ቤት ገብቼ መሮ መሳል የተማርኩት ከሱ በኋላ ነው። የተቃጠለችው ጠርዝ በድንጋይ ተበልታ ብታልቅ ከሥሯ ደህና ብረት እንደነበረ ያኔ ገባኝ። ትንሽ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ በረንዳው ላይ አብሬው ቁጭ ብዬ እስልለት ነበር። ዛሬም ሊወጣ ይችላል፣ ብረቱ ጥሩ ነው። እጄ እምቢ ይለኛል።

እና ለሞተር እንዳትሰጪ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ድንጋዩን የአየር አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ውኃ ውስጥ ንከሪው። ውኃ ርጭት ብቻ የሚበቃቸውም አሉና ወረቀቱን አንብቢ። ዘይት እንዳታስነኪው። ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፊ፣ እንዳይሸሽ። ቢላሽ የአውሮፓ ዓይነት ከሆነ በየወገኑ 20 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ስስ የጃፓን ዓይነት ከሆነ 15። ዲግሪ በዓይን አይታይም ካልሽ እንዲህ አድርጊ። የቢላሽ ወርድ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለ20 ዲግሪ ጀርባው ከድንጋዩ 1.7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። የዚያን ቁመት ሳንቲም ደርድረሽ ለካና እጅሽን አስለምጂ። ከዚያ ጠርዙን በማርከር ቀቢው። ሁለት ሦስቴ ሳብ አድርገሽ እዪው። ቀለሙ ከላይ፣ ወደ ጀርባው በኩል ብቻ ከለቀቀ ጀርባው ወርዷል፣ የሚቆርጠው ስለት ላይ ብቻ ከለቀቀ ጀርባው በዝቶ ተነስቷል።

አትጫኚ። ድንጋዩ ይሠራል፣ አንቺ ማዕዘኑን ብቻ ጠብቂ። ጥቁር ጭቃ ይወጣል፣ እንዳታጥቢው፣ እሱም እየሳለልሽ ነው። በአንዱ ወገን ስትስዪ ቆይተሽ ከሌላው ወገን አውራ ጣትሽን ከጀርባ ወደ ጠርዝ፣ ወደ ውጭ ሳቢው። በጠርዙ ርዝመት በፍጹም አይደለም! ትንሽ የሚይዝ፣ የሚሻክር ነገር ከተሰማሽ ብረቱ ታጥፎ ወጥቷል፣ ያ ወገን ደርሷል ማለት ነው። ከእጀታው እስከ ጫፉ ሳይሰማሽ አታገላብጪ። ጀማሪ ሁሉ የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነው፤ ይቸኩላል። ከዚያ ሌላውን ወገን፣ መጨረሻ ላይ እያፈራረቅሽ፣ እያቀለልሽ። ወረቀት ሳይጎተት ከቆረጠ ይበቃል።

ከድንጋዩ በኋላ ጠርዙ የሚታሽበትን ቆዳ አትግዢ። ከድሮ ቀበቶዬ ቆርጬ ጣውላ ላይ ለጥፌልሻለሁ። በሱ ላይ ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚጎተተው፣ ወደ ፊት ከገፋሽው ቆዳውን ትቆርጪዋለሽ። የዳቦውን ባለ ጥርስ ቢላ ድንጋይ ላይ አታውጪው። ድንጋዩ መሃሉ ሲጎደጉድ በእርሳስ መስመር አስምሪበትና መስታወት ላይ ባነጠፍሽው እርጥብ የብርጭቆ ወረቀት መስመሩ እስኪጠፋ እሺው። መጀመሪያ በአክስትሽ አሮጌ ቢላ ተለማመጂ፣ ነግሬያታለሁ፣ ፈቅዳለች።

ለጓደኛሽም ቢሆን ቢላሽን አታውሺ። ተውሶ ለሞተር ይሰጠዋል።

እናትሽ ቡናና ማር አዘጋጅታለች፣ ቆዳውንም ከሱ ጋር አድርጌዋለሁ። ጎረቤታችን ሐሙስ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ስልክሽን ሰጥቼዋለሁ። መናኸሪያ ሄደሽ ተቀበዪው፣ አታስጠብቂው፣ ሽማግሌ ነው። የማሩን ክዳን እዪው፣ እናትሽ በላስቲክ ነው ያሰረችው። ድንጋዩን ስትገዢ ሁለቱንም ፊት ፎቶ አንስተሽ ለወንድምሽ ላኪለት። ቁጥሩን አይቼ ሳልነግርሽ ገንዘብ እንዳትከፍዪ።

አባትሽ
ጅማ