የእማዬ እንቅልፍ

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፤

ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ማለቴ ልክ እንዳልነበር አውቃለሁና ይቅር በይኝ። ወቀሳውን ድሬ ስትመጪ ፊት ለፊት ታወርጂብኛለሽ፤ በዚህስ አትታሚም።

እማዬ ዳያዝፓም የሚባለውን የማረጋጊያ ክኒን ሳትውጥ መተኛት ካቃታት ሦስት ዓመት ሆናት። የመጀመሪያዋን ፍሬ የሰጠኋት እኔ ነኝ። አባዬ ባረፈ በሦስተኛው ሌሊት ግቢው ውስጥ ስትንቆራጠጥ አይቼ፣ ለራሴ የታዘዘልኝን ከቦርሳዬ አወጣሁላት። አንቺ የመድኃኒት ባለሙያ ስለሆንሽ ዓይንሽን ፈርቼ ነው ሳልጽፍልሽ የቆየሁት። ለቀስተኛው ሁሉ «እንቅልፍ ወሰዳት?» እያለ ጠየቀ እንጂ ምን ሲያስጨንቃት እንደምታድር የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እሷ ብቻ እንዳልሆነች የገባኝ ዘግይቶ ነው። እዚህ ከዚራ ቡና በተጠራራን ቁጥር፣ ከነጠላ ጫፍ ተፈትታ ከእጅ ወደ እጅ የምታልፍ ፍሬ አለች። አንዷ ልጇ በስደት መንገድ ላይ ድምፁ ጠፍቶባታል፤ የሌላዋ ባል ቀን የቃመው ጫት እንቅልፍ ሲነሳው ምርቃናውን በክኒን ይሰብራል፣ እሷም ከእሱ ተካፍላ ትውጣለች። ይኸው ዳያዝፓም ቫሊየም በሚል የንግድ ስሙ በ1963 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ከወንዶች ይልቅ ለሴቶች ይታዘዝ እንደነበር ተማሪ ሳለሽ ስትነግሪኝ፣ የሩቅ አገር ወሬ መስሎኝ ነበር።

ጥር ላይ፣ እማዬ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ስትሄድ ወደቀች። አጥንቷ ተርፏል። ደንግጬ ክኒኑን በሙሉ ደበቅሁባት፤ በአራተኛው ቀን እጇ ይንቀጠቀጥ፣ ላብ ያጠምቃት ጀመር። ሐኪሙ፣ መድኃኒቱ በእሷ ዕድሜ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ቀንም እንደሚያደነዝዛት፣ ለዓመታት የወሰደ ሰው በአንድ ጊዜ ካቋረጠው ግን እስከ ማንፈራገጥ ሊያደርስ እንደሚችል አስረድቶኝ፣ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየቀነስን እንድንሄድ አዘዘ። ጀምረናል።

የሚከብደው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። በዱሮው ባቡር ዘመን አባዬ ከሥራ የሚመለስበት፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም ሬዲዮኑን ከፍቶ ከእሷ ጋር ሻይ የሚጠጣበት ሰዓት ነበር። አሁን ክኒኗን በመዳፏ ይዛ በሩን ትመለከታለች። እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ ግን የመጀመሪያዋን ፍሬ ማን እንደሰጣት ሁለታችንም ስለምናውቅ፣ እሷም አንድ ቀን እንኳ አንስታብኝ ስለማታውቅ፣ የምናገረው ይጠፋኛል።

እንዴት ብዬ እንደምለምንሽ አላውቅም… በሳምንት አንድ ሁለት ቀን በዚያ ሰዓት ብትደውዪላት? ስለ ክኒኑ አታንሺባት። በ1998 ዓ.ም. በደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሌሊት የሰፈሩን ልጆች ሁሉ በአንድ አልጋ እንዴት እንዳስተኛችን ጠይቂያት፤ ያን ስታወራ ሰዓቱን ትረሳለች። ስልኳ አልተለወጠም።

ጓደኛሽ፣ ከድሬዳዋ