በውጭ አገር ስለታገዱ የውሻ ዝርያዎችና ስለ ከብቶቻችሁ ደኅንነት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ፍኖተ ሰላም ከሚገኘው ሱቃችን የእንስሳት መድኃኒትና መኖ የምትወስዱ የጃቢ ጠህናን፣ የደምበጫና የቡሬ አካባቢ አርቢዎች በዚህ ሰሞን ስለ ውሻ ሦስት ጥያቄዎች አቅርባችሁልናል። አንዳንዶቻችሁ በውጭ አገር በሕግ የታገዱ የውሻ ዝርያዎች በቀበሌያችሁ እንዲከለከሉ የምታቀርቡትን አቤቱታ እንድንፈርም ጠይቃችኋል። ሌሎቻችሁ በተቃራኒው ከአዲስ አበባ ትልልቅ የፈረንጅ ቡችሎች አስመጥተን እንድንሸጥላችሁ ትፈልጋላችሁ። በጎቻችሁ የተነከሱባችሁ ደግሞ የውሻ መርዝ ፍለጋ መጥታችኋል። ድርጅታችን ሦስቱንም እንደማያደርግ እየገለጽን፣ ምክንያቱን በዝርዝር ልናስረዳችሁ ይገባል ብለን ይህን ጽፈናል።

ብዙዎቻችሁ የምትጠቅሱት የእንግሊዝ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ሲሆን፣ ፒትቡል ቴሪየርን፣ የጃፓኑን ቶሳ፣ ዶጎ አርጀንቲኖንና ፊላ ብራዚሌሮን ይከለክላል፤ ኤክስ ኤል ቡሊ የሚባለውንም እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ ያለ ልዩ የምስክር ወረቀት ማኖር ወንጀል ሆኗል። ይህ ሕግ የወጣው ውሾች በሰው፣ በተለይም በሕፃናት ላይ ባደረሱት ጉዳት ምክንያት ነው እንጂ ለበግ ታስቦ አይደለም። ለበግና ለከብት እንግሊዞች ቀድሞውኑ እ.ኤ.አ. በ1953 ሌላ ሕግ ነበራቸው፤ ያ ሕግ አንድም ዝርያ በስም አይጠራም፤ በእርሻ መሬት ላይ ከብት ያሳደደ ወይም የነከሰ ውሻ ባለቤት፣ ውሻው ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ይጠየቃል። የእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ እንኳ ቢሆን፣ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ሲደነግግ ዝርያ አይለይም። ስለዚህ በጉ የተነከሰበት ሰው መብት የሚያገኘው ከዝርያ ዝርዝር ሳይሆን የውሻውን ባለቤት ለይቶ ከማወቅ ነው።

የዝርያ ዝርዝር ለአርቢ ምን ያህል ባዕድ ሊሆን እንደሚችል የዴንማርክ ሕግ ያሳያል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2010 ካገደቻቸው 13 ዝርያዎች መካከል የቱርኩ ካንጋልና የባልካኑ ሻርፕላኒናክ ይገኛሉ፤ እነዚህ ደግሞ ለብዙ ትውልድ በግ ከተኩላ እንዲጠብቁ የተዳቀሉ ውሾች ናቸው። ኔዘርላንድስ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1993 በፒትቡል ላይ የጣለችውን እገዳ፣ የንክሻው ብዛት አልቀነሰም በሚል ምክንያት ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ አንስታዋለች። የከተማ ሰው ልጁን ለመጠበቅ የዝርያ እገዳ ቢፈልግ አንፈርድበትም። ለዋሸራ በጎቻችሁ ግን ስጋት የሆነው ፒትቡል ሳይሆን፣ ቀን አጥር ሥር ተኝቶ ውሎ ማታ ሳይበላ የሚለቀቀው የጎረቤትና የራሳችን ውሻ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ የተጎዳውን በግ አስተውሉ። ጅብ አጥንት ይሰብራል፣ ይበላል፣ ጎትቶም ይወስዳል። ሁለትና ሦስት ሆነው በረት የገቡ ውሾች ግን ብዙውን ጊዜ የሚበሉት ጥቂት ሆኖ፣ ብዙ በጎችን ከኋላ እግር፣ ከጎንና ከጆሮ ነካክሰው ትተው ይሄዳሉ። ከላይ የሚታየው ቀዳዳ ትንሽ ቢሆንም ከቆዳው ሥር ያለው ሥጋ ተቦጫጭቆ ሊሆን ስለሚችል፣ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥባችሁ (እጃችሁን በጓንት ሸፍናችሁ) በዚያው ቀን ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ። ጥርስ ያልነካት እርጉዝ በግም ከማባረሩ ድንጋጤ የተነሳ ጽንሷን ልትጥል ትችላለች።

ከንክሻው ይልቅ የሚያሳስበን ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ያበደ ውሻ የነከሰው በሬ ወይም ላም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ደኅና መስሎ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ድምፁ ሻክሮ ደጋግሞ ያጓራል፣ ለሐጩ ይዝረከረካል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ የኋላ እግሮቹ ይከዱታል። በዚህ ጊዜ ጉሮሮው ላይ አንዳች ነገር ተሰንቅሮ ይሆናል ብሎ እጁን ከአፉ የሚከት ሰው ራሱን ለሞት ያጋልጣል። እባካችሁ እንዲህ ያለ ከብት ስታዩ አፉን አትንኩ፣ አርዳችሁ አትብሉ፣ ወተቱንም አትጠቀሙ፤ ከሌሎቹ ለይታችሁ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አስታውቁ። ሰው ከተነከሰ ወይም ለሐጭ ቁስሉን ከነካው፣ ቦታውን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ጠበል የሚጠመቅ ሰውም ቢሆን ክትባቱን አያስቀር። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለምና። ይህ በሽታ ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት በውሻ በኩል ሲሆን፣ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ስርጭቱ ሊቆም እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። አቤቱታ ለመጻፍ የተሰባሰቡ ጎረቤታሞች ያንኑ ኃይል ውሾቻቸውን ለማስከተብ ቢያውሉት ከብቶቻቸውን በእርግጥ ይጠብቃሉ።

ሌላው ጉዳት ከቅርጫ በኋላ የሚመጣ ነው። ለፋሲካም ሆነ ለገና ሲታረድ፣ ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት «ለውሻ ይሁን» ተብሎ ይጣላል። በዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው ጥገኛ ተባይ በውሻው አንጀት አድጎ እንቁላሉን በግጦሹ ላይ ይበትናል፤ ሣሩን የጋጡት በጎችና ከብቶችም መልሰው ይያዛሉ፤ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ልጅም እንዲሁ። አዙሪት የምትሉት፣ በግን እያዞረ የሚጥለው በሽታም ተመሳሳይ መንገድ አለው፤ እሱ የሚመጣው የታረደ በግ ጭንቅላት ለውሻ ጥሬውን ሲሰጥ ነው። እንዲህ ያለውን ተረፈ እርድ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት ወይም አቃጥሉት፤ ለውሻችሁም ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት በየጊዜው ስጡት።

ስለ ቡችሎቹ የጠየቃችሁን ደንበኞች፣ ትልቅነት ብቻውን በግ ጠባቂ አያደርግም። በናሚቢያ አቦሸማኔን ለመጠበቅ የሚሠራ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ካንጋልን የመሳሰሉ ውሾችን ለአርቢዎች ሲሰጥ የቆየ ሲሆን፣ ሥራው የሚሰምረው ቡችላው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከመንጋው ጋር ስለሚያድግ ነው። በግቢ በሰንሰለት ታስሮ ያደገ ትልቅ ውሻ በግን የሚያየው እንደሚባረር ነገር ነው፤ ቀለቡም ከብዙዎቻችሁ አቅም በላይ ይሆናል። ከበጎች መካከል ያደገና ጠግቦ የሚያድር የአገራችን ውሻ ለእኛ ዐይን ይበልጣል።

መርዝን በተመለከተ መልሳችን አጭር ነው፤ በማንኛውም ዋጋ አንሸጥም። መርዝ የተቀባ ሥጋ ያበደውን ውሻ ከተከተበው አይለይም፤ ጥንብ አንሳም ይጨርሳል፣ የልጅም እጅ ሊገባ ይችላል። የተገደሉትን ውሾች ቦታ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ያልተከተቡ ሌሎች ይይዙታል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቆየት ስላለበት፣ ገዝቶ በኪስ ይዞ መሄድ ዋጋ ቢስ ያደርገዋል። ስለዚህ በአንድ ጎጥ ያላችሁ ውሾቻችሁን ቆጥራችሁ ቁጥሩን ብትነግሩን፣ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ጋር ተነጋግረን ክትባቱ በበረዶ ሳጥን እናንተ ያላችሁበት ድረስ የሚመጣበትን ቀን እናመቻቻለን። ቡችሎች ከሦስት ወራቸው ጀምሮ ይከተባሉ፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። የትል መድኃኒት ልትወስዱ ስትመጡ የውሻውን ክብደት ገምታችሁ ንገሩን፤ መጠኑ በክብደቱ ይወሰናልና።

ከአክብሮት ጋር፣
የእንስሳት መድኃኒትና መኖ መሸጫ
ፍኖተ ሰላም፣ ምዕራብ ጎጃም