የባዮሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ «አጥንት ሰብሳቢዎቹ» ምን ሠሩ?

መምህራን ክፍል ውስጥ «የአጥንት ክበብ» እንባላለን። ሽታውን አንክድም። ግን በዚህ ዓመት ከሞላ ጎደል ያለ ባጀት የሠራ ክበብ ቢኖር የኛው ነው፤ ስለዚህ እስቲ ትንሽ እንናገር።

የዓመቱ ርዕሳችን አያያዥ ህብረ ህዋስ ነበር፤ ተማሪው «ኮኔክቲቭ ቲሹ» የሚለው፣ የሰውነትን ክፍሎች የሚያያይዘውና የሚደግፈው። አጥንት፣ ልም አጥንት (ጆሮና አፍንጫ ላይ ያለው ለስላሳው)፣ ጅማት፣ ስብ፣ ደም ሳይቀር ከዚህ ወገን ናቸው። ርዕሱን የመረጥነው ስለወደድነው ብቻ አይደለም። ናሙናው በነጻ ይገኛል። ደሴ ውስጥ ኬሚካል ማግኘት ይከብዳል እንጂ አጥንት አይጠፋም።

ምዝገባው፣ የአመራር ምርጫውና የዕቅድ ስብሰባው እንደ ወትሮው ተካሄደ። ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ፤ የፈለገ ያንብበው።

የመጀመሪያ ሥራችን የአቼቶ ሙከራ ነበር። የዶሮ አጥንት አቼቶ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል። አሲዱ የካልሲየም ጨዉን ያሟሟዋል፤ ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ይቀራል። ያኔ አጥንቱ እንደ ልብ ይጎብጣል። ሌላ አጥንት ደግሞ ከሰል ላይ አቃጠልን። አሁን የነደደው ኮላጅኑ ነው፤ ማዕድኑ ብቻ ቀረ፤ በጣት ሲጫኑት ፍርክስክስ አለ። የመጀመሪያውን ዙር ናሙና ድመት ወስዳብናለች። የሚቆለፍ ቁም ሳጥን የጠየቅንበት ደብዳቤ አሁንም መልስ ይጠብቃል።

ጥር ላይ ቄራ ሄድን። እዚያ ያሉት አባት ልጆቹን ሲያዩ ሳቁ። «ለውሻ የምንጥለውን ልታጠኑ ነው የመጣችሁት? አብሽሩ፣ ሞልቷል!» አሉን። የበሬውን የማጅራት ጅማት አውጥተው ሰጡን። ወፍራምና ቢጫ ነው። ልጆቹ ሁለቱን ጫፍ ይዘው ሲስቡት ተለጠጠ፤ ሲለቁት ተመለሰ። የእግሩ ጅማት ግን ነጭ ነው፤ ቢጎትቱት ንቅንቅ አይልም። ነጩ በኮላጅን የተሞላ ነው፤ የጡንቻውን ጉልበት ሳያባክን ወደ አጥንቱ ያደርሳል። ቢጫው ኢላስቲን የሚባል ተለጣጭ ፕሮቲን ይበዛበታል። በሬ ቀኑን ሙሉ አቀርቅሮ ሲግጥ ይውላል፤ ያን የሚያህል ጭንቅላት በጡንቻ ብቻ ቀና ማድረግ አድካሚ ነው፤ ጅማቱ ያግዘዋል። የኳስ ቡድናችን ተከላካይ ደግሞ ልም አጥንቱን እያገላበጠ «ቲቸር፣ ይሄ ሲጎዳ ለምን ቶሎ አይድንም?» አለ። የደም ሥር የለውማ! ህዋሶቹ ምግባቸውን የሚያገኙት በዙሪያቸው ባለው ነገር ውስጥ ቀስ እያለ ሰርጎ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለወላጆች በዓል አንድ ጠረጴዛ ተሰጠን። ልጆቹ ከየቤታቸው ዕቃ አመጡ፦ የጅማት አውታር ያለው አሮጌ ክራር፣ የብራና ቁራጭ፣ ከበሮ፣ ማሲንቆ። ሁሉንም በአንድ ጽሑፍ ሥር ደረደሩ፦ «ኮላጅን በቤታችን»። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ትንሽ ቆማ አየችና «የማሲንቆው አውታር ይውጣ» አለች። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን እምብዛም ሰምተን አናውቅም።

ክርክሩ ተነሣ። እኔ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። «የፈረስ ጭራ እኮ ነው» አለች። «ጸጉር ነው። ጸጉር ኬራቲን የሚባል ሌላ ፕሮቲን ነው እንጂ ኮላጅን አይደለም።» አንዱ ልጅ «ታዲያ ከቆዳ አይደል የሚበቅለው?» አላት። ደህና ጥያቄ ነው። እሷ ግን አልተበገረችም። «ከላይኛው ንጣፍ ነው የሚመጣው። እዚያ ህዋሶቹ ጥቅጥቅ ብለው ነው የሚኖሩት። አያያዥ ህብረ ህዋስ ውስጥ ህዋሶቹ ተራርቀው ነው ያሉት፤ መሀላቸውን የሚሞላውን ነገር ራሳቸው ይሠሩታል። እሱ ያለው ከሥር ነው።» ልጁ «በምን አወቅሽ?» ሲላት ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «አያቴ ቆዳ ያለፋል» አለች። «ጸጉሩንና ላዩን ፍቆ ይጥለዋል። ጫማ የሚሆነው የሥረኛው ነው።»

በአካባቢያችን ይህን ሙያ በሰው ፊት መናገር ቀላል እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል። ጠረጴዛው ዙሪያ ግን የሳቀ አልነበረም። «አያትሽ መጥተው ያሳዩን» ያለው ያው የሚከራከራት ልጅ ነው። ማሲንቆው ሁለት ጽሑፍ ተለጠፈበት፦ ሣጥኑን ለሸፈነው ቆዳ «ኮላጅን»፣ ለአውታሩ «ኬራቲን፤ እዚህ በእንግድነት»። ሁለተኛውን የጻፈችው እሷ ናት። አያቷም በበዓሉ ዕለት መጡ። ከማንም በላይ የተጠየቁት እሳቸው ነበሩ። ፋይብሮብላስት ኮላጅን የሚሠራው ህዋስ መሆኑን የልጅ ልጃቸው ስትነግራቸው «እንዴ፣ ለካ የሥራ ባልደረባ አለኝ» አሉ። እኔ በበኩሌ በዚያ ቀን ደመወዜን ተከፍዬያለሁ።

ያልሆነውንም ልናገር። ፋይብሮብላስትን በዓይናችን አላየንም። የልም አጥንት ህዋስ በትንሽ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ የሚያሳይ የተዘጋጀ ስላይድ የለንም፤ በካርቶን ላይ ስለን ነው የተማርነው። ቤተ ሙከራችን በ2014ቱ ጦርነት ከደረሰበት ገና አላገገመም። ያለችን አንዲት ማይክሮስኮፕ ናት፤ እሷም መብራት ሲጠፋ አብራ ትጠፋለች። ለስፖርት ክበብ አዲስ ማልያ መገዛቱ ደስ ብሎናል፤ ከልብ ነው። የአንድ ማልያ ዋጋ ግን ስንት ጓንት እንደሚገዛ አስልቶ የሚነግረን ቢኖር ደስታችን እጥፍ ይሆናል።

ለ2018 የምንፈልገው ብዙ አይደለም፦ የህብረ ህዋስ ስላይዶች፣ በመስታወት ብርሃን የምትሠራ ሁለተኛ ማይክሮስኮፕ፣ የሚቆለፍ ቁም ሳጥን። የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ በተለይ ሕክምና ያጠናችሁ፣ ያገለገለም ቢሆን እንቀበላለን። ሊረዳን የፈለገ ለርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይንገር። አጥንት ግን አታምጡልን፤ ሞልቶናል።