ቀይ ቀለምሽ ፈሰሰ

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴም ወሬ ቀየርኩ። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

ከሰጠሽኝ የድሮ የማስተማሪያ ደብተሮች አንዱን ገጽ አበላሽቼብሻለሁ።

አሁን የምሠራው ሥዕል በአንድ ዓይነት ቀለም ብቻ አይደለም። ወረቀት እለጥፋለሁ፣ ከላዩ ቀለም አፈስበታለሁ፣ ሲደርቅ በከሰል ወይም ፓስቴል በሚባለው የቀለም ጠመኔ እመለስበታለሁ። ሚክስድ ሚዲያ የሚሉት ነው። የእጅ ጽሑፍሽ ከሥር እንዲታይ ፈልጌ ገጹን በውሃ በቀጠነ ኮላ ለጠፍኩት። በእስክሪብቶ የጻፍሽው አንድም ፊደል አልተነካም። በቀይ ብዕር ያሰመርሽው ግን ወዲያው መፍሰስ ጀመረ። መጀመሪያ የመስመሩ ጠርዝ ደበዘዘ። ቀጥሎ እንደ ጭስ ተበተነ። ዓይኔ እያየ ገጹ በሙሉ ሮዝ ሆነ። ደንግጬ በጨርቅ ላደርቀው ስል ይባስ አዳረስኩት።

በጣም አዘንኩ እማዬ። ይቅር በይኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቀለም ሁሉ አንድ መስሎኝ። የእስክሪብቶ ቀለም ዘይትነት ስላለው ውሃ አይደፍረውም። ብዕር ውስጥ የሚሞላው ቀለም ግን አብዛኛው ውሃ ውስጥ የሟሟ ማቅለሚያ ነው። ዓመታት ደርቆ ቢቆይም ውሃ ሲያገኝ ይነሳል። ፀሐይም ያደበዝዘዋል። ኢንዲያን ኢንክ የሚባለው ጥቁር ቀለም ደግሞ ከጥላሸት ነው የሚሠራው። ጥላሸት አይሟሟም፣ ብርሃንም አያነጣውም። ሼላክ የሚባል ሙጫ የተጨመረበት ከሆነ አንዴ ከደረቀ ውሃ ብታፈሺበት ንቅንቅ አይልም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልሞክር የምነካው ነገር የለም። በቁራጭ ወረቀት ላይ በእያንዳንዱ ቀለም መስመር አሰምራለሁ። አንድ ቀን ሙሉ አደርቀውና የመስመሩን ግማሽ በእርጥብ ብሩሽ እዳብሰዋለሁ። የሚነሳውና የሚጸናው እዚያው ይለያል።

ሙከራው ራሱ ይዞኝ ቀረ። እርጥብ ቀለም ላይ ጨው በተንኩ። እያንዳንዷ ፍሬ ዙሪያዋን ያለውን ውሃ እየሳበች ቀለሙንም አብራ ትጎትተዋለች። ሲደርቅ ጨዉን በጣቴ አራገፍኩት። ከሥሩ ትንንሽ ከዋክብት የመሰሉ ምልክቶች ቀርተዋል፤ ሁለቱ እንኳ አይመሳሰሉም። በበረኪናም ሞክሬያለሁ፤ መስኮት ከፍቼ ነው፣ አትስጊ። ተራውን የብዕር ቀለም አነጣው፣ ጥላሸቱን ግን ምንም አላደረገውም።

ከሁሉ የወደድኩት ሻማ ነው። በነጭ ወረቀት ላይ በሻማ ስትስይ ምንም አይታይም። ቀለሙ ሲያልፍበት ሰሙ አላስነካ ይላል፣ ነጩ መስመርም ከጨለማው ውስጥ ብቅ ይላል። ሰምና ወርቅ ስታስተምሪን ወርቁን ለማግኘት ሰሙን አቅልጡት ትይን ነበር። እዚህ ሰሙ ሳይቀልጥ ነው ወርቁ የሚታየው። ቀራጺው ሄንሪ ሙር በፈረንጆቹ 1940 እና 1941 በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ከቦምብ የተጠለሉትን ሰዎች የሳለው እንዲህ በሰም፣ በውሃ ቀለምና በብዕር ነው። የተኙት ሰዎች ከጥቁሩ ውስጥ ቀስ እያሉ የሚወጡ ይመስላሉ። ዘዴው ለዚያ ሌሊት የተፈጠረ ይመስለኛል። ያለ ምክንያት ያገኙትን ሁሉ ሥዕል ላይ መከመር ግን አይገባኝም።

ያን ገጽ አልጣልኩትም። ደርቆ ግድግዳዬ ላይ ነው። ሮዙ እንደ ደመና ተኝቷል፣ ሰማያዊው የእጅ ጽሑፍሽ በላዩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ልስልበት ብሩሽ አንስቼ ተውኩት። ልጅ ሆኜ ደብተሬ ላይ ጠብታ ቀለም ሲወድቅ ገጹን እንደገና ታስጽፊኝ ነበር፣ ታስታውሻለሽ? ዛሬ ሆን ብዬ የማንጠባጥበው እኔ ነኝ።

አሁን ሁለት ነገር ልለምንሽ። የትኞቹን ደብተሮች እንዳልነካ ንገሪኝ። የቀሩትንም ቢሆን ከእንግዲህ ኮፒያቸውን ነው የምለጥፈው። የሌዘር ፕሪንተር ኮፒ ውሃ አይፈራም፤ ቀለሙ በሙቀት ወረቀቱ ላይ የቀለጠ የፕላስቲክ ዱቄት ነው።

ሁለተኛው፣ ከደብዳቤው ጋር ከዚያ ኢንዲያን ኢንክ አንድ ብልቃጥና እየነከሩ የሚጽፉበት ብዕር ልኬልሻለሁ። አንድ ገጽ ጻፊልኝ፣ የፈለግሽውን። ቀለሙን አደራ በራስሽ ብዕር ውስጥ እንዳትሞዪው፤ ውስጡ ደርቆ ይደፍነዋል። ስትጨርሺ ጫፉን ሳይደርቅ በውሃ እጠቢው። እጅሽ ተንቀጥቅጦ ቢንጠባጠብብሽ ደግሞ እንደገና እንዳትጽፊው። እንዳለ ላኪልኝ።

ልጅሽ