የአዋጭነት ጥናቱ ከምረቃው በኋላም ይከፈት
ግልጽ ደብዳቤ ለትራንስፖርት ሚኒስትር

ክቡር ሚኒስትር፣

ለእርስዎ ፊርማ የሚቀርብ የመንገድ፣ የድልድይ ወይም የባቡር ፕሮጀክት ሁሉ የአዋጭነት ጥናት አለው። «አያዋጣም» ብሎ የሚደመድም ጥናት እርስዎ ዘንድ መድረሱን እጠራጠራለሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ግን ጥናቱ ከተፈረመበት በኋላ ተመልሶ ስለማይገለጥ ነው።

ከሰንጠረዦቹ መካከል ብዙዎች አይተው የሚያልፉት አንድ ቁጥር አለ፤ የወደፊቱን ጥቅምና ወጪ ወደ ዛሬ ዋጋ የሚመልሰው የቅናሽ ምጣኔ። ከ30 ዓመት በኋላ ለድልድይ እድሳት የሚያስፈልግ 100 ሚሊዮን በ10 በመቶ ሲሰላ ለዛሬ 6 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። በ3.5 በመቶ ከተሰላ 36 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ድልድዩ ያው ነው፤ ብረቱም በዚያው ፍጥነት ይዝጋል። ምጣኔው ከፍ ባለ ቁጥር ዛሬ በርካሽ ተሠርቶ ነገ ጥገና የሚያበዛው ዲዛይን አሸናፊ ሆኖ ይወጣል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው መመሪያ ከ3.5 በመቶ ጀምራ፣ ከ30 ዓመት ወዲያ ላለው ጊዜ ዝቅ እያደረገች እንዲሰላ ወስናለች። የእነሱን ይቅዱ አልልም። ስሌቱ ቢያንስ በሁለት ምጣኔ ይቅረብልዎ፤ ውጤቱ ከተገለባበጠ መጠየቅ ያለበት ጥናቱን የሠራው አማካሪ ነው።

ጥገና ደግሞ በጥናቱ ላይ አንድ መስመር ይሰጠውና በዓመታዊ በጀት ላይ ይረሳል። መንገድን የሚጨርሰው ብዙውን ጊዜ ውኃ ነው። ቱቦው በደለል ይደፈናል፣ ውኃው መውጫ ሲያጣ ከአስፋልቱ ሥር ይገባል፣ የጠጠሩ ንጣፍ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ከባድ መኪና ሲመላለስበት ላዩ እንደ አዞ ቆዳ ይሰነጣጠቃል። በአካፋና በጥቂት ሠራተኞች ይጠረግ የነበረ ቱቦ ነው! የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1994 የልማት ሪፖርቱ፣ በአፍሪካ በአሥር ዓመት ውስጥ 12 ቢሊዮን ዶላር በወቅቱ ለጥገና ቢወጣ ኖሮ 45 ቢሊዮን ዶላር የመልሶ ግንባታ ወጪ ይድን እንደነበር አስፍሯል።

ጭነቱም አለ። በአንድ አክስል (የመኪና ጎማዎች በተያያዙበት ዘንግ) ላይ የሚያርፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። የክብደት ቁጥጥር የሌለበት መንገድ 20 ዓመት ያገለግላል ብሎ መፈረም ራስን ማታለል ነው። ቱቦና ድልድይም ባለፈው የዝናብ መረጃ ብቻ ከተለኩ የሚመጣውን ጎርፍ ላይችሉት ይችላሉ።

ግምቱ ስንት ጊዜ እንደሚስት ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ፣ 258 የትራንስፖርት ፕሮጀክቶችን የመረመረ ጥናት፣ ከ10 ፕሮጀክቶች 9ኙ ከተገመተላቸው በላይ ወጪ እንደጠየቁ አሳይቷል፤ የባቡሮቹ ጭማሪ በአማካይ 45 በመቶ ነበር። ይህን ሁሉ በስህተት ብቻ ማመካኘት ይከብደኛል፤ ስህተት ብቻ ቢሆን በተቃራኒውም ያንኑ ያህል ይሳት ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የጥገናውን ገንዘብ ማን፣ ከየት እንደሚከፍል በጽሑፍ ያልታሰረ ፕሮጀክት አይፈረም። የትራፊክ ትንበያውና የተነሣባቸው ግምቶች ለሕዝብ ይፋ ይሁኑ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1982 በሕግ እንዳደረገችው፣ ትልልቅ ፕሮጀክቶች አገልግሎት በጀመሩ ከ3 እስከ 5 ዓመት ውስጥ ተስፋቸውና ውጤታቸው ጎን ለጎን ተመርምሮ ይታተም። ምርመራውን ግን ፕሮጀክቱን ያጠናው አማካሪም ሆነ የገነባው ተቋራጭ አይሥራው። ለመጀመር አዲስ ፕሮጀክት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከአምስት ዓመት በፊት የተመረቁት ፕሮጀክቶች ጥናቶች መዝገብ ቤት አሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ግብር ከፋይ