እማዬ፣ «በነፃ» ላልሽው

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ሐዋሳ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «የዓመት ፈቃድሽን ወስደሽ በነፃ ስትለፊ ከረምሽ አሉ፣ ምን ነካሽ?» ብለሽ ስትቆጪ ኔትወርኩ ተቆራረጠና ሳላስረዳሽ ቀረሁ። ስለዚህ ልጻፍልሽ፣ ሚጣ ታነብልሻለች።

እዚህ ኖርዌይ፣ ትሮንድሄም ከተማ የዓለም የስኪ ሻምፒዮና ነበር፣ ከየካቲት 19 እስከ 30፣ 2017። ስኪ የሚባለውን መንሸራተቻ እግራቸው ላይ አጥልቀው በበረዶ ላይ ረጅም ርቀት ይወዳደራሉ፣ ደግሞ ከትልቅ ማማ ላይ ተወንጭፈው ይዘላሉ፣ ሁለቱንም የሚያደርጉ አሉ። እኔ በጎ ፈቃደኛ ነበርኩ። ደሞዝ የለውም፣ ልክ ነሽ። ጃኬትና ምግብ ይሰጣሉ፣ በቃ።

ሥራዬ ግራኖሰን የሚባለው ስታዲየም አጠገብ፣ ጫካው ውስጥ፣ ተመልካች የሚሻገርበት ቦታ ላይ ገመድ መያዝ ነበር። ተወዳዳሪ ሲመጣ መዝጋት፣ ሲያልፍ መክፈት። ቀላል ይመስላል አይደል? ሞቅ ያለው ሰውዬ ባንዲራውን ተከናንቦ፣ በአንድ እጁ ቋሊማ ይዞ «አንዴ ብቻ ልለፍ» እያለ ሲገፋሽ እስቲ አንቺ ያዥው! ሕዝቡ ድንኳን ተክሎ፣ እሳት አንድዶ ጫካው ውስጥ ነው የሚያድረው። ያ ሁሉ የሚጠበስ ነገር ደግሞ ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ! እኔ በድንችና በዳቦ ነው የከረምኩት። ዓሣም ነበር፣ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ትቼዋለሁ፣ አልነካሁም።

ብርዱን ፈርቼ ሦስት ሹራብ ደርቤ ስሄድ የጠበቀኝ ዝናብ ነው። በረዶው ገንፎ ሆነ። በማሽን የሚሠራ በረዶ ባይኖር ጭቃ ላይ ነበር የሚወዳደሩት። እኛም አካፋ ይዘን የተቦረቦረውን እየሞላን፣ ጓንታችን ውሃ እየተፋ ዋልን።

አንድ ልጅ አላቸው፣ ክሌቦ የሚባል፣ የመጀመሪያ ስሙ ዮሃነስ ነው፣ ደስ ይበልሽ። እዚሁ ከተማ ያደገ ነው። ከፊቴ በአንድ ክንድ ርቀት አለፈ። ሌላው ዳገቱን ሲያዘግም እሱ ስኪውን እንዳጠለቀ ይሮጠዋል፣ ለሐጩ አገጩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ዓይኑ ግን ማንንም አያይም። የተወዳደረባቸውን 6ቱንም ወርቅ ወሰደ፣ መጨረሻ ላይ 50 ኪሎ ሜትሩን ጨምሮ። በአንድ ሻምፒዮና እንዲህ ያደረገ ከእሱ በፊት የለም። ከተማው አበደ።

በዚያው ቀን ግን ጉድ ፈላ። የኖርዌይ ዝላይ ቡድን ልብሱን ተደብቆ ሲያሻሽል የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ፣ ሰፋ ያለ ልብስ አየር ላይ ያንሳፍፋል አሉ። ሁለት ዘላዮች ተሰረዙ፣ አንደኛው ብር ያገኘ ነበር። አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች የገዛ ልጃቸው የሰረቀ ይመስል አንገታቸውን ደፉ። እኔ ይሄን ነገራቸውን ወደድኩት። የራስን ሰው ጥፋት መሸፋፈን የለም።

አድዋ እሁድ ነበር የዋለው። መታወቂያዬ ማንጠልጠያ ላይ ትንሽ ባንዲራ አሰርኩ። የጣሊያን ደጋፊዎች እየዘፈኑ ሲመጡ ገመዱን ትንሽ ቆየት አድርጌ ነው የከፈትኩላቸው፣ ምን ያውቃሉ! ባንዲራውን ያየ አንድ ሽማግሌ ባልደረባዬ «እናንተ አገር ስኪ አለ እንዴ?» አለኝ። ሮቤል ተክለማርያም የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ በ2006 እ.ኤ.አ. ቶሪኖ ክረምት ኦሎምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ 15 ኪሎ ሜትር እንደተወዳደረ፣ በ2010 ቫንኩቨርም እንደተመለሰ ነገርኩት። አላመነኝም። ስልኩን አውጥቶ ፈለገና ቆቡን አንስቶ እጅ ነሳኝ፣ የሮጥኩት እኔ ይመስል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ፎቁ ላይ የምትኖረውን ሴትዮ ታስታውሻለሽ፣ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግድግዳ ግድግዳውን የምታየውን? እዚያው ገመድ ላይ አብራኝ ተመደበች። እጄ ሲደነዝዝ ከቴርሞሷ ሻይ ቀዳችልኝ፣ ስለ ልጆቿ አወራችኝ፣ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ቡና ትጠጣለች፣ አቦልን ጠጥታ ልትሄድ ስትነሳ በረካን ሳትጠጣ አለቅሽም እላታለሁ። እዚህ አገር በሥራና በቤት መካከል ብትመላለሺ ማንም አያውቅሽም። አብረሽ አካፋ ስትይዢ ግን ያዩሻል። አንቺስ ለእድር ወጥ ስትሠሪ፣ ሰው ቤት ሽንኩርት ስትከትፊ አድረሽ ዓይንሽ አብጦ ስትመጪ፣ ማን ከፈለሽ?

ደሞዜ አልተነካም፣ ለጣሪያው ያልኩሽን ገንዘብ በሳምንቱ እልካለሁ። ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮውን አስመቺው። ጃኬቱን ለአቤል እልክለታለሁ፣ በሐዋሳ ሙቀት የት እንደሚለብሰው እሱ ያውቃል። የባጃጁን ነገር ግን መጀመሪያ መንጃ ፈቃድ ያውጣ፣ ቢለማመጥሽም እሺ እንዳትይው።

ልጅሽ